ኬንሲንግተን ማርኬት ቶሮንቶ፦ የግድ ሂዱ!

ቶሮንቶ መጥታችሁ ረጅሙን ግንብ ሲኤን ታወርን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ! የስፓዳይና ጎዳናን 510 ስትሪትካር (በሐዲድ የሚሄደውን የከተማ ባቡር) ይዛችሁ ደንዳስ ጎዳና ላይ ውረዱና በእግር ኬንሲንግተን ማርኬት ሰፈር ግቡ። ሰፈሩ ድሮ የአይሁድ ስደተኞች ገበያ ነበር፣ ምኩራቦቹ ዛሬም አሉ፣ በኋላ ፖርቹጋሉም ካሪቢያኑም ቻይናውም መጣበትና አሁን አይብ ሻጩ ካሳቫ ሻጩ ጎን፣ የቪንቴጅ (ያገለገለ የድሮ ፋሽን) ልብሱ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ግድግዳው ሁሉ ግራፊቲ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ኦገስታ ጎዳና ላይ ደሞ ውስጧ አፈር ተሞልቶ ሳርና አበባ የበቀለባት አሮጌ መኪና አለች፣ እሷን ሳታዩ እንዳትሄዱ። ልብሱ ያገለገለ ነው ብላችሁ ሁሉም ርካሽ እንዳይመስላችሁ፣ ጃኬት ስትመርጡ ዚፑንና ብብቱን አገላብጣችሁ እዩ። ከሜይ እስከ ኦክቶበር በወሩ የመጨረሻ እሁድ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሙዚቃው ዳንሱ አስፋልት ላይ ነው፣ ልጆች ያላችሁ ያኔ ኑ፣ መኪና ግን ይዛችሁ አትምጡ ፓርኪንግ አይታሰብም።