ቀፊራ ያደገ ሰው ቶኪዮ ዓሣ ገበያ ሲሄድ

የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ቱና ማለት በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ጣሳ ነው። ከፍተህ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈህ፣ በዳቦ። ስለዚህ ለአጭር ሥልጠና ቶኪዮ ሄጄ ቶዮሱ ገበያ ወለል ላይ እንደ ግንድ የተጋደሙትን ነገሮች ሳይ ዓሣ መሆናቸውን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ረቡዕ ነበር። ዝግ! እሑድ እንደማይሠሩ ሰምቻለሁ፤ ብዙውን ረቡዕም እንደሚዘጉ ግን አላጣራሁም። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ዓሣውም ረቡዕ ይጾማል እንዴ?» ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ። እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ገበያው የሚከፈትባቸውን ቀናት እዩ።

ሐሙስ ተመለስን። የሚወስደው ዩሪካሞሜ የሚባል ሾፌር የሌለው ባቡር ነው። የባቡር ከተማ ልጅ ነኝና ከፊት ማንም ሳይኖር ሲነሳ ቅር አለኝ። ሺጆማኤ ጣቢያ ወርዳችሁ በድልድይ ቀጥታ ወደ ሕንፃዎቹ ትገባላችሁ። መተላለፊያው ነጭና ረጅም ነው፣ ኤርፖርት ነው የሚመስለው። የዓሣ ሽታ የሚባል ነገር የለም።

የቱናው ጨረታ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11:30 እስከ 12:30 አካባቢ ነው። በቅርብ ለማየት ቀደም ብሎ ተመዝግቦ ዕጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዕጣ የደረሳቸው ታች ካለው ሰገነት ሆነው ድምፁንም ብርዱንም ያገኛሉ። እኔ አልደረሰኝም፣ ላይ ቆሜ ከመስታወት ጀርባ ነው ያየሁት። ዋናው ቅሬታዬም ይኸው ነው፤ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን እንደማየት ነው።

ግን አቦ፣ የሚታየው ነገር! ወለሉ አረንጓዴ ነው። ለውበት መስሎኝ ነበር፣ ለካ የሥጋው ቅላት ጎልቶ እንዲታይ ነው። የዓሦቹ ጭራ ተቆርጧል። ገዢዎቹ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ባትሪ ይዘው፣ ጎንበስ እያሉ የተቆረጠውን ቦታ ያያሉ። አንዱ ሰውዬ በያዛት መንጠቆ ቅንጣት ሥጋ ፈልቅቆ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ምንም ሳይል ወደሚቀጥለው አለፈ። ስብ እንዳለው እየፈተነ ነው። ይሄን ጊዜ አወዳይ ትዝ አለችኝ። ጫት ነጋዴው እስሩን ገለጥ አድርጎ ቅጠሉን የሚያይበት ዓይን እኮ ይኸው ራሱ ነው። የሁለቱም ዕቃ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ዛሬ ካልደረሰ ነገ ማን ያየዋል?

ከዚያ ደወል ተደወለ። አጫራቹ በርጩማ ላይ ቆሞ እየተወዛወዘ ይጮሃል፣ ገዢዎቹ ጣታቸውን ብቻ ብቅ ያደርጋሉ፣ አንዱ ዓሣ በሰከንዶች ውስጥ ይሸጣል። የሱማሌ ከብት ደላሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በጨርቅ ስር በጣት ዋጋ ሲነጋገሩ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋበትም፤ እነዚህ ጨርቁን ብቻ ነው ያነሱት። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ ላይ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቱና 333.6 ሚሊዮን የን ተሸጧል። ያው የአዲስ ዓመቱ ጨረታ የስም ፉክክር ነው፣ በአዘቦቱ እንደዚያ አይደለም። ቢሆንም ለኪሎ አካፍሉት፣ 1.2 ሚሊዮን የን!

ድሮ ይሄ ሁሉ ጽኪጂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የቆየ፣ ክፍትና የተጨናነቀ ገበያ። ወደ ቶዮሱ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ነው፣ ያውም ቦታው ቀድሞ የጋዝ ፋብሪካ ስለነበረ በአፈሩ ብክለት ምክንያት ዘግይቶ። አሁን ንጽሕናውና ቅዝቃዜው ለዓሣው መልካም ነው፣ ለእንግዳው ግን መስታወት ብቻ ተርፎታል። ጣሪያው ላይ ያለው ሣር ደስ ይላል፣ ካልደከማችሁ ውጡ።

ምግቡ ላይ ግን ቅሬታ የለኝም። ስመ ጥሮቹ የሱሺ ቤቶች ሰልፋቸው የሰዓታት ነው፣ ተውኳቸው። አጭር ሰልፍ ያለበት ገብቼ ወደ 4,000 የን ከፈልኩ። ጥሬ ዓሣ ስትሰሙ ፊታችሁን አታጨማዱ፣ ቁርጥ የምንበላ ሰዎች እኮ ነን። ኦቶሮ የሚሉት የቱናው የሆድ ሥጋ የሻኛ ዘመድ ነው፣ አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ዋሳቢውን ግን እንደ ሚጥሚጣ አጠቅሼ ጎረስኩትና በአፍንጫዬ ወጣ። ባለቤቱ ምንም ሳይል ሻዩን ሞላልኝ።

ዕጣ ከደረሳችሁ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ፣ ካልደረሳችሁ ሦስት። እየተጋፋችሁ መብላት ከፈለጋችሁ ደግሞ የጽኪጂ የውጪው ገበያ አሁንም አለ፣ ወደዚያ ሂዱ።

ቪዲዮውን ቀፊራ ቲማቲም ለምትሸጠው እናቴ ላኩላት። እኔ ጋ ሲነጋ ድሬ እኩለ ሌሊት ነውና የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው።

«ስንት አሉህ? ስንት ላይ ገዛህ?»

«አልገዛሁም እማዬ። ፈቃድ ላለው ነጋዴ ብቻ ነው የሚሸጡት።»

«አልነካህም፣ አልተከራከርክም፣ አልገዛህም» አለችኝ። «ታዲያ ገበያ ሄድኩ አትበለኛ!»