ሱዝዳል ላይ እማዬን ለያዙልን ሴት ምስጋና፣ ለሚሄድም ሰው ጥቆማ

ሞስኮ ዘመድ ያላችሁ፣ ልጅ የላካችሁ ወይም ለሥራ የምትሄዱ ሰዎች ይህን ጽሑፍ አስቀምጡት። ሱዝዳል በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት ሴት አሉ። ባለፈው ክረምት እማዬንና እኔን ተቀብለው አስተናግደውናል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። በማያነቡት ቋንቋ ስማቸው አደባባይ ቢወጣ ደስ የሚላቸው አይመስለኝም። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ምስጋናው ግን ሰው ይስማው ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሜ ነው። ሞስኮ ይማራል። እማዬ ልታየው ሄደች፣ እኔ ደግሞ አጀብኳት። ሞስኮ ለእማዬ አልተመቸቻትም። ሜትሮው መሬት ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ሰው ሁሉ ይሮጣል፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። «ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙበት ጸጥ ያለ አገር የላቸውም እንዴ?» አለች። ወንድሜ ሳያቅማማ ሱዝዳል አለ።

መጀመሪያ አልጋ የያዝንበት ቤት የውጭ አገር ፓስፖርት መሆኑን ሲሰማ ሰረዘን። ሩሲያ ውስጥ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሰው እንግዳው እሱ ጋ ማረፉን ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። የወረቀት ሥራ የሚሰለቻቸው አንዳንድ ቤቶች ታዲያ እንግዳውን መመለስ ይቀላቸዋል። እኚህ ሴት ግን ወንድሜ ሲደውልላቸው የጠየቁት የእናታችንን ዕድሜ ነበር። ቀጥለው ደረጃ መውጣት ትችል እንደሆነ ጠየቁ። ስለ ጉልበቷ ሲነግራቸው ፎቅ ላይ ያለውን የእንግዳ ክፍል ትተው ታች ያለውን የራሳቸውን መኝታ ለቀቁላት። ይህን ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው። በማግስቱ ፓስፖርታችንንና ስንገባ ኤርፖርት የተሰጠንን ትንሽ ወረቀት ተቀበሉን፣ የምዝገባውን ነገር ራሳቸው ጨርሰው መለሱልን።

ወንድሜ አድርሶን ለሥራ ወደ ሞስኮ ተመለሰ። እኔ ሩሲያኛ አልችልም። ስልኬ ላይ ባለው አስተርጓሚ እየተረዳሁ ነው የቆየሁት። እማዬ ስልክም አላስፈለጋት።

አሁን ዋናው ነገር። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እማዬ ፍልሰታን አትቀልድበትም። ከአዲስ አበባ ስትነሳ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና ድርቆሽ ሻንጣ ሙሉ ይዛለች። እኔን ያስጨነቀኝ የማብሰያው ነገር ነው። የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ ለሌሎቹ እንግዶች ጠዋት እንቁላልና ወተት ያለው ቁርስ ይቀርባል። እማዬ ደግሞ ቅባት የነካው ድስት ውስጥ የተሠራ አትቀምስም። ሴትዮዋ ገና መጾሟን ሲሰሙ ወደ ጓዳ ገቡ። አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻና አንድ ጭልፋ ይዘው ወጡ፣ እፊቷ አጠቡት፣ መደርደሪያው ላይ ለብቻው አስቀመጡላት። እኛ እስክንሄድ ሌላ ነገር አልነካውም።

የሩሲያ ኦርቶዶክሶችም የእመቤታችንን የነሐሴ ጾም ይጾማሉ። የእነሱ የሚገባው በእኛ ነሐሴ 8 ነው፣ ከኛ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ማለት ነው። ስለዚህ እማዬ የደረሰችው እሳቸውም በጾም ላይ እያሉ ነው። የቀረበላትን ልንገራችሁ። ግሬችካ የሚሉት ጠቆር ያለ ፍሬ በሽንኩርትና በእንጉዳይ፣ ድንች በእንስላል፣ የጎመን ሾርባ፣ ጥቁር ዳቦ፣ ከጫካ የተለቀመ ፍሬ ተቀቅሎ የሚጠጣ ሞርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዱባ መሳይ አትክልት ነገር፣ ኩከምበር። ሱዝዳል በኩከምበር ትታወቃለች፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በዓል ይደረግለታል። በጨው ውሃ፣ በነጭ ሽንኩርትና በእንስላል ለአጭር ጊዜ ነክረው ገና ሳይኮመጥጥ ያወጡታል። እማዬ ከሽሮ ጋር በላችው። በሽሮ! ሴትዮዋም ሽሮውን ቀመሱ፣ በርበሬው ዓይናቸውን አስለቀሰው፣ ግን ድገሙኝ አሉ።

ግቢያቸው ውስጥ የፖም ዛፎች አሉ። ፍሬው ቅርንጫፉን እስኪያጎብጥ ሞልቷል። እማዬ ገርሟት ነበር፣ «ይሄ ሁሉ ፖም እያለ ለምን አያቀርቡም?» ትለኛለች። ለካ የድሮውን ልማድ የሚጠብቁ ሰዎች እስከ ደብረ ታቦር በዓል ድረስ የአዲሱን ዓመት ፖም አይቀምሱም። በዓሉ በእነሱም የሚውለው በፈረንጆች ኦገስት 19፣ በእኛ ነሐሴ 13 ነው። በቡሄያችን ዕለት! ሕዝቡ ፖሙን በቅርጫት ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ካህኑ ጸበል ይረጩለታል፣ ከዚያ በኋላ ይበላል። የፖም መድኃኔዓለም እንደማለት ያለ ስም አለው።

ይህን ስነግራት እማዬ ብድግ አለች። ዱቄት አለ? አለ። እርሾ አለ? አለ። በዋዜማው ሁለቱ ሴቶች ጓዳ ገብተው ሙልሙል ጋገሩ። አንዷ በአማርኛ ታዛለች፣ ሌላዋ በሩሲያኛ ትመልሳለች። ምን ተባብለው እንደተግባቡ አልገባኝም። እኔ ልርዳ ስል ሁለቱም በእጃቸው ወደ ውጭ አመለከቱኝ። ጠዋት ሴትዮዋ ፖማቸውን አስባርከው ሲመለሱ እማዬ ሙልሙሉን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ጠበቀቻቸው። የተቀሩት እንግዶችም ደረሳቸው። ከሞስኮ የመጣ አንድ ባልና ሚስት ፎቶ እያነሱ ጨረሱት። ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ ብቻ ነው የጠፋው።

የሃይማኖት ትምህርት ላይ ልዩነት እንዳለን አውቃለሁ። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተለያየን አብያተ ክርስቲያናት ነን። እማዬም ታውቃለች፣ ስለዚህ ተሳልማ፣ ሻማ አብርታ ነው የወጣችው። ሴትዮዋም ቁረቢ ብለው አልተጫኗት፣ አስቀድመው ሥርዓቱን ብቻ አሳዩዋት። ሴት ራሷን ትሸፍናለች፣ ነጠላዋ በቂ ነው። ወንድ ባርኔጣ ያወልቃል። ጫማ ግን አይወለቅም። እማዬ ይሄ አልዋጥ አላት። በር ላይ በደረስን ቁጥር ጎንበስ ማለቷ አልቀረም።

ስለ ከተማዋ ትንሽ ልበል። ዓመቶቹን በፈረንጆች እጽፋለሁ። ሱዝዳል ከሞስኮ በስተምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትርቃለች። ስሟ በታሪክ መዝገብ የተነሳው በ1024 ነው፣ ሞስኮ ደግሞ በ1147። በትልቅነት ዘመኗ የመሳፍንት መቀመጫ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ግን በጎረቤቷ በቭላድሚር በኩል አለፈ፣ ሱዝዳል ቀረች። በጊዜው ሳይቆጫቸው አልቀረም። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካ የለም፣ ረጃጅም ፎቅ የለም፣ የነዋሪው ቁጥር 10,000 ቢደርስ ነው። የእንጨት ቤቶች፣ በመስኮቶቻቸው ዙሪያ የተቀረጸ ጌጥ፣ ጓሮ ውስጥ ድንችና ጎመን፣ መሃል ለመሃል ካመንካ የምትባል ቀስ ብላ የምትሄድ ወንዝ። ነጫጭ ሕንጻዎቿ ከ1992 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ቦታ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የቆሙት። እኔ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር። ረጅሙና ሰፊው ለሙቀት ወራት ነው፣ ማሞቂያ የለውም። አጠገቡ ያለው አጠር ያለው ለብርድ ጊዜ ነው፣ ምድጃ አለው። ሴትዮዋ ይህን ያስረዱኝ በእጃቸው ትከሻቸውን እያሻሹና እየተንቀጠቀጡ ነው።

በክሬምሊኑ፣ ማለትም በከተማዋ የድሮ ምሽግ ውስጥ ያለው ትልቁ ካቴድራል ጉልላቶቹ ሰማያዊ ናቸው፣ የወርቅ ኮከብ ተረጭቶባቸዋል። የቆመው ከ1222 እስከ 1225 ባለው ጊዜ ነው። በእመቤታችን ልደት ስም የተሠራ መሆኑን ስነግራት እማዬ «ልደታ ናታ!» ብላ እዚያው እልል አለች። ጎብኚው ሁሉ ዞረ። በሩ ላይ ጥቁር መዳብ ላይ በወርቅ የተሠሩ ሥዕሎች አሉ፣ ቸኩላችሁ እንዳታልፏቸው። ውስጥ አዳራሹን የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የእማዬን አረማመድ አይተው ከወንበራቸው ተነሥተው እሷን አስቀመጧት፣ ራሳቸው ቆሙ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደኛው አገር ቆሞ ነው የሚጸለየው፣ መቀመጫ እንደ ልብ አይገኝም። ለእኚህም እናት እግዜር ይስጥልኝ።

ቀዩ ግንብ ያለው የቅዱስ ኤፍቲሚ ገዳም በ1352 የተመሠረተ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። የሚያሳዝን ታሪክም አለው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሃይማኖት ጉዳይ የተከሰሱ ሰዎች የሚታሰሩበት እስር ቤት ነበረበት። በ1943 ደግሞ ስታሊንግራድ ላይ የተማረከው የጀርመን ፊልድ ማርሻል ፓውሉስ እዚህ ቆይቷል። እዚያ ስትሄዱ የደወል ሰዓት ጠብቁ። ደዋዩ ማማው ላይ ወጥቶ ገመዶቹን በእጅም በእግርም እየሳበ ይጫወትባቸዋል። በእንጨት ሕንጻዎች ሙዚየም ውስጥም በ1756 በአንድ መንደር የተሠራ የደብረ ታቦር ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ተነቅሎ መጥቶ ነው የተተከለው። ጣሪያው ሁሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ትንንሽ እንጨት ነው፣ ዝናብና ፀሐይ ሲመታው ብር ይመስላል። ቡሄ ዕለት እማዬን የወሰድኳት እዚያ ነው።

ለሹፌሩም ምስጋና አለኝ። ሴትዮዋ የጠሩልን የሰፈር ታክሲ ነው። ወጣት ነው፣ ብዙ አያወራም። ገዳሙ ጋ አድርሶን ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ስንወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። እማዬ ስትወርድ ደረጃው እንዳስቸገራት አይቷል መሰለኝ። የመልሱን ጨምሬ ልስጠው ስል የተለመደውን ብቻ ቆጥሮ ወሰደ።

የማይመቸውንም ልናገር፣ ጥቆማ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ማንም አያምነውም። ቤቱ ወንዙ አጠገብ ስለሆነ ማታ ትንኝ አለ፣ መከላከያ ቅባት ያዙ። ሙቅ ውሃው አንድ ሰው ታጥቦ ሌላው እስኪገባ ጥቂት ይጠበቃል። የፎቁ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፣ አዛውንት ከያዛችሁ ታች ያለውን ክፍል ጠይቁ። እንግሊዝኛ በፍጹም አይናገሩም። ባኛ የሚሉትን በእንጨት የሚሞቅ የእንፋሎት ቤታቸውን ግቡ ግቡ ይላሉ። እኔ ገባሁ። በቅጠል ጭራሮ ይገርፏችኋል፣ ጤና ነው ተብሎ። እማዬ በሩን ከፍታ አይታ «ይቅርብኝ» ብላ ተመለሰች።

ገንዘብ በጥሬው ያዙ። ከ2022 ጀምሮ በውጭ አገር ባንክ የወጣ ቪዛና ማስተርካርድ ሩሲያ ውስጥ አይሠራም። ዶላራችሁ ያልተቀደደና ያልቆሸሸ ይሁን፣ ሞስኮ ላይ ወደ ሩብል ቀይሩት። ከሞስኮ እስከ ቭላድሚር በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሞስኮ ብዙ የባቡር ጣቢያ ስላላት ከየትኛው እንደሚነሳ ትኬታችሁ ላይ አረጋግጡ። ቭላድሚር ስትወርዱ የአውቶብስ መነኻሪያው ፊት ለፊት ነው፣ ከዚያ ሱዝዳል ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የሱዝዳል መነኻሪያ ከመሃል ከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ሻንጣ ካለ ታክሲ ያዙ። ብዙ ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። እኔ አልመክርም። አስጎብኚ አውቶብሶቹ ከሄዱ በኋላ ያለው ምሽት ነው የሱዝዳል ጥሩ ሰዓት። የገበያው ሰዎች ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ሜዶቩኻ ይሸጣሉ፣ የማር መጠጥ ነው፣ ለስለስ ያለ ጠጅ በሉት።

ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ቤታቸው ይሞላል፣ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ጾመኛ ከሆናችሁ ስትደውሉ ተናገሩ፣ ድስቱን ይለዩላችኋል። የሚከፈለው ከሆቴሎቹ ያነሰ ነው፣ ጉርሻ ግን አይቀበሉም። ቡና ውሰዱላቸው፣ የተቆላና የተፈጨ። እማዬ ጀበና ባይኖራትም በድስት አፍልታ አጠጥታቸዋለች፣ ወደውታል። ሩሲያኛ የማትችሉ ከሆነ ጻፉልኝ፣ ወንድሜ ደውሎ አልጋ ይይዝላችኋል።