ሁለት ጠርሙስ ካርቦን ጄል፣ አንድ ዓይነት መለያ

ለሱፐርካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በፍጥነት ለሚለቅ መሣሪያ) የምጠቀምበትን የካርቦን ጄል ዱቄት፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ካርቦን፣ ከአንድ አቅራቢ ሁለት ጊዜ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ በጣም ወድጄዋለሁ። ሁለተኛው ግን የሦስት ሳምንት ሥራዬን በልቶብኛል።

መለያቸው አንድ ነው፦ የገጽ ስፋት 650 ካሬ ሜትር በግራም። ለዓይንም ሁለቱም ያው ጥቁር ዱቄት ናቸው። ከመጀመሪያው የሠራሁት ኤሌክትሮድ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይለቃል። የሁለተኛው ቀስ ብዬ ስሞላው ደህና ነው፤ ከረንቱን ከፍ ሳደርግ ወዲያው ይደክማል። ቀዳዳዎቻቸውን በናይትሮጂን ጋዝ ስለካ ነገሩ ወለል ብሎ ታየ። መጀመሪያው 10 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑ ቀዳዳዎች ሞልተውታል። የሁለተኛው የገጽ ስፋት ግን ከሞላ ጎደል ከ2 ናኖሜትር በታች በሆኑት ውስጥ ነው ያለው። አዮኖች (ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹ ቅንጣቶች) የሚሮጡበት ሰፊ መንገድ የለውም።

ይህ የሚወሰነው ጄሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ነው። ጄሉ የሚሠራባቸው ኬሚካሎች፣ ሬሶርሲኖልና ፎርማልዴሃይድ፣ ውሃ ውስጥ ሲቀላቀሉ ትንሽ ሶዲየም ካርቦኔት ይጨመራል። እሱ ሲበዛ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ይላል፣ የጄሉ ቅንጣቶች ይደቃሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ይጠብባል። ሲያንስ ሁሉም ይተልቃል። ቀጥሎ ማድረቅ ነው። እንዲሁ በሙቀት ሲደርቅ የሚወጣው ፈሳሽ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጠባቡ ቀዳዳ ደግሞ የባሰ ይጎተታል። ተመራማሪው ፔካላ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሥራ ጄሉን በሱፐርክሪቲካል (በግፊትና በሙቀት ፈሳሽም ጋዝም ባልሆነ) ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደረቀው ይህ እንዳይደርስ ነው።

ደቃቆቹን ቀዳዳዎች በብዛት የሚፈጥረው ኋላ ናይትሮጂን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ማክሰሉ ነው። ስለዚህ ሰፋፊዎቹ ተደፍነውም የገጽ ስፋቱ ቁጥር ያምራል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ ራሴ ሁለት ጄል ሠራሁ፤ አንዱን በፒኤች 6፣ ሌላውን በ7.5። ሁለቱንም በምድጃ አደረቅኋቸው። የ7.5ቱ ተኮማትሮ እንደ ብርጭቆ ጠነከረ። ከስሎ ሲለካ የሁለተኛው ጠርሙስ ወንድም ሆኖ ተገኘ።

አቅራቢው ስጠይቀው በትሕትና መለሰልኝ፤ የየዙሩን ፒኤች ግን አልመዘገበም። ዱቄቱ ንጹሕ ነው፣ አስተሻሸጉም ጥሩ ነው። ጋዝ ለማስረግ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ጠርሙስ ሊወደው ይችላል። በፍጥነት የሚሞላ ኤሌክትሮድ የምትሠሩ ግን ከማዘዛችሁ በፊት የቀዳዳ መጠን ስርጭቱን ግራፍ ጠይቁ። እኔም ሦስተኛውን የማዝዘው ፒኤቹና የአደራረቁ መንገድ መለያው ላይ ሲሰፍር ነው።