ቢሽኬክ፣ አልማቲ ወይስ ታሽከንት? ኪራዩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ

በዶላር ወይም በዩሮ እየተከፈላችሁ ከቤት የምትሠሩ ከሆነ፣ አለዚያም ልጃችሁን ለሕክምና ትምህርት ወደ መካከለኛው እስያ ለመላክ የምታስቡ ከሆነ፣ የሦስት ከተሞች ስም ደጋግሞ ይነሳል፦ የኪርጊዝስታኗ ቢሽኬክ፣ የካዛኪስታኗ አልማቲ እና የኡዝቤኪስታኗ ታሽከንት። ሦስቱም ከዱባይ በብዙ ይረክሳሉ። በየዝርዝሩ ላይ ርካሿ ሆና የምትቀመጠው ቢሽኬክ ናት። እኔ ግን በሐምሌ የወጣ ደረጃ በጥር አይሠራም ባይ ነኝ። በዚያ አገር የኑሮን ዋጋ የሚወስነው ብርዱ ነው፤ ቤቱ በምን እንደሚሞቅ ሳይጠይቅ ኪራይ የተከራከረ ሰው ያተረፈውን በሁለት ወር ውስጥ ይመልሰዋል።

ኪራይ

በግርድፉ፣ መሀል ከተማ ያለ ባለ አንድ መኝታ ደህና አፓርታማ ቢሽኬክ ላይ በወር ከ400 እስከ 600 ዶላር ይጠየቅበታል። ታሽከንትም ከዚያ ብዙ አትርቅም። አልማቲ ከ500 እስከ 800 ትደርሳለች። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ሩሲያ የክተት ጥሪ ስታውጅ በርካታ ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ወደነዚህ ከተሞች ጎረፉ፤ ኪራይም በጥቂት ሳምንታት ጣራ ነካ። ከዚያ በፊት የተቀረጸ «በ200 ዶላር አፓርታማ ተከራየሁ» የሚል ቪዲዮ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ቤት የሚፈለገው በኢንተርኔት ነው፦ ቢሽኬክ ላይ ላላፎ፣ አልማቲ ላይ ክሪሻ፣ ታሽከንት ላይ ኦኤልኤክስ። ማስታወቂያውን ስታነቡ የክፍል አቆጣጠሩ ሳሎንን እንደሚጨምር ልብ በሉ። «ባለ ሁለት ክፍል» ማለት ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው። ታሽከንት ላይ «2/3/5» የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ሁለት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። እነሱ ምድር ቤቱን አንደኛ ፎቅ ብለው ስለሚቆጥሩ ሦስተኛቸው በኛ አቆጣጠር ሁለተኛ ነው። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ ይህች ልዩነት ለጉልበታችሁ ትጠቅማለች።

ባለ አምስት ፎቁ ሊፍት አልባ ሕንፃ «ክሩሽቾቭካ» ይባላል፦ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው የማያላውስ፣ ግን ብዙ ጊዜ መሀል ከተማ፣ ዛፍ በሞላው ግቢ ውስጥ። ቢሽኬኮች የሶቪየት ሕንፃዎችን በቁጥር ነው የሚጠሯቸው፦ 104፣ 105 እና 106 ሴሪያ። ቁጥሩ ከፍ ሲል በአብዛኛው ክፍሉም ሰፋ እያለ ይሄዳል። አዲሱን ሕንፃ ደግሞ «ኤሊትካ» ይሉታል። ስሙ ያምራል እንጂ ሁሉም ኤሊትካ የሚያኮራ አይደለም፤ ግድግዳው ስስ ሆኖ የጎረቤት ማንኪያ የሚሰማበትም አለ። በሦስቱም ከተሞች ደላላ ካስገባችሁ ብዙ ጊዜ የወር ኪራይ ግማሽ ይወስዳል፤ ባለቤቱም መያዣ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር በሁለት እጥፍ ተኩል አስቡት።

ማሞቂያ፣ ዋናው ሒሳብ

ሦስቱም ከተሞች ከሶቪየት ዘመን የወረሱት ማዕከላዊ ማሞቂያ አላቸው። ከኃይል ማመንጫው የሚነሳው ሙቅ ውሃ በቱቦ ከተማውን አቋርጦ መስኮታችሁ ሥር ካለው ራዲያተር ይደርሳል። ብርዱ ሲገባ ከተማው ይከፍተዋል፣ በጸደይ ይዘጋዋል፤ እናንተን የሚጠይቅ የለም። ጥሩ ጎኑ ዋጋው ድጎማ ያለውና አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው። በማዕከላዊ የሚሞቅ ትንሽ አፓርታማ ውሃውም መብራቱም ቆሻሻውም ተደምሮ በብርዱ ወራት ከ50 እስከ 80 ዶላር ቢመጣበት ነው።

ሒሳቡ የሚገለበጠው በኤሌክትሪክ ብቻ በሚሞቅ ቤት ነው። ኪርጊዝስታን በርካሽ መብራት የታወቀች ናት፦ እስከ 2023 ድረስ በወር ለመጀመሪያዎቹ 700 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ 77 ትይን (የአገሩ ገንዘብ የሶም መቶኛ) ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች። ከ700 ሲያልፍ ግን ወደ 2 ሶም ከ16 ትይን ይዘል ነበር። አንድ የግል ቤት በጥር በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሞቅ 700ን ማለፉ የማይቀር ነው። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በየዓመቱ እየጨመረ ነው። የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ይመጣል፤ የቶክቶጉል ግድብ ውሃ እየጎደለ ስለተቸገሩ መንግሥት ከኦገስት 2023 እስከ 2026 መጨረሻ የሚቆይ የኃይል አስቸኳይ ሁኔታ አውጇል። የመብራት መቆራረጥ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ውጪው ከዜሮ በታች ሆኖ ሲጠፋ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማዕከላዊውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2024 የቢሽኬክ ኃይል ማመንጫ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ከተማዋ በብርድ መሀል ማሞቂያዋ ተስተጓጎለ። ታሽከንት በጃንዋሪ 2023 ያልተለመደ ብርድ ሲመታት ጋዙም መብራቱም አልበቃ ብሎ ከንቲባው ከሥልጣን ተነሱ። «ታሽከንት ሞቃት ናት» የሚለው ወሬ እውነትነቱ ለበጋው ነው፤ ያኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ስለሚነካ ለማቀዝቀዣ ትከፍላላችሁ።

ከብርዱ ጋር ጭሱ ይመጣል። ቢሽኬክ በድንጋይ ከሰል ስለምትሞቅ በጥር አንዳንድ ቀን አየሯ በዓለም ላይ ከከፉት ተርታ ይሰለፋል። አልማቲም በተራራ ሥር እንደ ሳህን ስለተቀመጠች ጭሷ መውጫ ያጣል። በሁለቱም ደቡቡ፣ ወደ ተራራው ከፍ የሚለው ሰፈር፣ ይሻላል። አልማቲ ላይ ከአል ፋራቢ ጎዳና በላይ ያለው ኪራይ የሚወደደውም በዚህ ነው። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ የአየር ማጣሪያ ዋጋ ጨምሩ፤ ወይም በጥርና በየካቲት ሌላ ቦታ መሆንን አስቡ።

ምግብ

እዚህ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሥጋ በሦስቱም በኪሎ ከ6 እስከ 10 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ቢሽኬክ ላይ በአንድ ተራ ምግብ ቤት አንድ ሳህን ላግማን (ሥጋና አትክልት ያለው ኑድል) ከ3 እስከ 4 ዶላር ነው፤ ከተንዱር፣ ከጭቃ ምድጃው፣ የወጣው ክብ ዳቦ ደግሞ ግማሽ ዶላር እንኳ አይሞላም። ለገበያ ቢሽኬክ ኦሽ ባዛር፣ አልማቲ አረንጓዴው ባዛር፣ ታሽከንት ቾርሱ አለላችሁ። በበጋ የቲማቲሙና የሐብሐቡ ዋጋ ያስቃል፤ በዚህ ታሽከንትን የሚደርስባት የለም።

ጾመኛ ምን ይበላል ለሚል፦ ምግቡ የበግ ሥጋ የበዛበት ቢሆንም ሽምብራ፣ ምስር፣ ዱባና ድንች በየባዛሩ ሞልቷል። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ምዕመናን ስላሉም በሁዳዴ ሰሞን የጾም ምግብ የሚያዘጋጁ ቤቶች ይኖራሉ። ጤፍና በርበሬ ግን ይዛችሁ ሂዱ።

የዋጋ ጭማሪ የሚጠበቀው ካዛኪስታን ላይ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክሷ ከ12 ወደ 16 በመቶ ከፍ ብሏል። የሁለቱ ጎረቤቶቿ በ12 ነው ያለው።

መጓጓዣና ክፍያ

ታሽከንት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚሠራ ሜትሮ አላት፤ አልማቲም ከ2011 ጀምሮ፣ ግን አጭር ነው። ቢሽኬክ አውቶቡስ ብቻ ነው፣ ወደ 20 ሶም ገደማ፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች በእግርም ይኬዳል። አልማቲ ላይ ኦናይ የተባለውን የመጓጓዣ መክፈያ ካርድ ግዙ። ያንዴክስ ታክሲ በሦስቱም ይሠራል።

አልማቲ ላይ ካስፒ የተባለው የባንክ አፕሊኬሽን ከሱፐርማርኬት እስከ አትክልት ሻጭ ገብቷል፤ እሱን ለመክፈት ግን የአገሪቱ መለያ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ለረጅም ጊዜ የምትቀመጡ ከሆነ መጀመሪያ የምታወጡት እሱን ይሁን።

ደኅንነት

ይህን ያልጻፈ ንጽጽር ጎዶሎ ነው። ቢሽኬክ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የፓኪስታንና የሕንድ ሕክምና ተማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2024 ለ18 አጥቢያ የተቆጣ ሕዝብ የውጭ ተማሪዎች የሚኖሩባቸውን ሆስቴሎች አጥቅቶ ብዙዎች ተጎድተዋል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ተረጋግታለች፤ ሆኖም ቆዳው ጥቁር የሆነ ሰው በሌሊት ሩቅ ሰፈር ብቻውን ባይሄድ፣ የሚከራየውም የውጭ ሰው የለመደ ሰፈር ቢሆን እመርጣለሁ። ይህ ማለት ደግሞ 100 ዶላር የሚረክሰውን የዳር ሰፈር ቤት ትታችሁ ወደ መሀል መግባት ነው፤ የቢሽኬክ ርካሽነት ከዚህ ላይ ትንሽ ይቀነሳል።

ለማን የቱ?

ከሚያዝያ እስከ መስከረም ለሚቆይ ሰው ሳላመነታ ቢሽኬክ እላለሁ። በወር ከ800 እስከ 1,000 ዶላር ደህና ይኖራል፤ የአላ አርቻ ተራራ 40 ኪሎ ሜትር፣ የኢሲክ ኩል ሐይቅም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚቀመጥና ቤተሰብ ላለው በ1,200 ዶላር ታሽከንትን ወይም ገንዘቡ ከቻለ ከዚያ ከፍ ብሎ አልማቲን እመርጣለሁ። አልማቲ ውድ ብትሆንም በሆስፒታል፣ በባንክና በበረራ ትበልጣለች። ለጥቂት ቀን ቢሽኬክን ማየት ላማራችሁም መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሦስቱም ቪዛ ያስፈልጋል። አሜሪካዊ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለው ካዛኪስታን ለ30 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። ካዛኪስታን ከርቀት ለሚሠሩ ባወጣችው «ኒዮ ኖማድ» ቪዛ ለመቆየት ግን በወር 3,000 ዶላር ገቢ ማሳየት ግድ ነው።

ኡዝቤኪስታን ሁለት ነገር ትጠይቃለች። ከ30 ቀን በላይ የምትቀመጡ ከሆነ ስልካችሁን ካላስመዘገባችሁ ከኔትወርክ ይቆረጣል። በገባችሁ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥም አድራሻችሁ መመዝገብ አለበት፤ ሆቴል ራሱ ያስመዘግባል፣ አፓርታማ ሲሆን ግን ባለቤቱ ነው የሚያስመዘግበው። ግብር እንዳይጠየቅ ፈርቶ «ምዝገባ አያስፈልግም» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ፣ ኪራዩ የቱንም ያህል ቢረክስ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ ቅጣቱ የሚመጣው እናንተም ላይ ነውና።