ብሌድ አይረን በድሬ አሸዋ ላይ፦ ከወራት በኋላ ምን ቀረ፣ ምን ተቀነሰ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፣ ዝርዝሩ ከኋላ ይምጣ። ከሰባት ቁጥር እስከ ፒቺንግ ዌጅ (ከዘጠኝ ቀጥላ የምትመጣው አጭሯ ዱላ) ያሉትን ብሌድ የጎልፍ ዱላዎቼን በምንም አልለውጣቸውም። አራትና አምስት ቁጥሮቹ ግን ቁም ሳጥን ላይ ወጥተዋል። ቦታቸውን ጀርባቸው የተቦረቦረ፣ ካቪቲ ባክ የሚባሉት ዱላዎች ይዘውታል። ስድስት ቁጥሯ ላይ ገና ከራሴ ጋር ክርክር ላይ ነኝ።

ዕቃው ሚዙኖ ኤምፒ-33 ነው። አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ሞዴል ነው። የአጎቴ ልጅ ከካናዳ ሲመጣ ያገለገለ ስብስብ ገዝቶ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ከዚራ። እዚህ የምጫወትበት ሜዳ የለኝም። ጨዋታው ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲወስደኝ፣ አዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ነው። ልምምዱ ግን እዚሁ ነው፤ ከመልካ ጀብዱ አለፍ ብሎ ያለ ገላጣ መሬት ላይ፣ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከር። ለምለም ሳር ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው የሚጽፈውን ዓይነት ግምገማ ከእኔ አትጠብቁ።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ብሌድ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቁራጭ ለስላሳ ብረት ተቀጥቅጦ የሚሠራ ቀጭን አይረን፣ ማለትም የብረት ራስ ያለው በቁጥር የሚለይ የጎልፍ ዱላ ነው። ጀርባው ድፍን ነው፣ ክብደቱም መሃል አካባቢ ተከማችቷል። ሚዙኖ ይሄን ሥራ ጃፓን፣ ሂሮሺማ ውስጥ ያሠራል፤ በለስላሳነቱም ስሙ የገነነ ነው። ካቪቲ ባክ ደግሞ ጀርባው ተቦርቡሮ ክብደቱ ወደ ዳር ዳር የተወሰደ ነው። ሐሳቡን በደንብ ያስፋፋው ካርስተን ሶልሃይም ነው፣ የጎልፍ ዱላ አምራቹ የፒንግ መሥራች፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ። ክብደቱ ዳር ላይ ሲሆን ኳሷን ከመሃል ብትስታትም የዱላው ራስ ብዙም አይጠመዘዝም። ብሌድ ይጠመዘዛል።

«ብሌድ የጎበዝ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። እኔ ጎበዝ አይደለሁም፣ መካከለኛ ነኝ። ግን የተጫዋቹን ደረጃ ብቻ ማየት አይበቃም። ከምን ዓይነት መሬት ላይ ነው የምትመታው? በየትኛው ቁጥር ነው ብዙ የምትጫወተው? ስንት ጊዜ ትለማመዳለህ? እነዚህ ከደረጃው እኩል ይወስናሉ።

ከመሬቱ ልጀምር፣ እኔን ያስገረመኝ እሱ ስለሆነ። የአይረን ሆዱ፣ መሬቱን የሚነካው ክፍል፣ ሶል ይባላል። የካቪቲ ባክ ሶል ሰፊ ነው፤ ለስላሳ ሳር ላይ እንዳይቀበር ተብሎ ነው የተሠራው። የብሌድ ሶል ጠባብ ነው። የድሬ መሬት እንደምታውቁት ነው፤ ላዩ ስስ አሸዋ፣ ሥሩ ድርቅ ያለ አፈር። ሰፊው ሶል ያንን ሲነካ ይነጥርና የኳሷን ወገብ ይመታል። ኳሷም ከመሬት ሳትነሳ እንደ ጥንቸል እየዘለለች ትሄዳለች። ቀጭኑ ብሌድ ግን ከኳሷ ሥር ሹልክ ብሎ ይገባል። ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ቁጥሮቹን ከዚህ መሬት ላይ ስመታ የማገኘውን ንጽሕና ሰፊ ሶል ካለው ዱላ አግኝቼው አላውቅም።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሜዳው ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ቀጭኑ ሶል ትንሽ ወደ ኋላ ካረፈ ጭቃው ውስጥ ጭልጥ ይላል። ኳሷ ሦስት እርምጃ፣ ጭቃው አሥር እርምጃ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሜዳ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ብሌድ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አስቡበት።

ሁለተኛው ነገር ዱላው የሚነግራችሁ ወሬ ነው። ኳሷን የዱላው ፊት የት ላይ እንደመታኋት ለማወቅ ከሱቅ የሚገዛ ተራ የሕፃን ፓውደር እጠቀማለሁ። ፊቱ ላይ በስሱ እነሰንሳለሁ፣ እመታለሁ፣ ገልበጥ አድርጌ አያለሁ። ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ክብ ሆኖ፣ ትናንሽ ጉድጓዶቿ ሳይቀሩ ታትሞ ይቀራል። ክቡ መሃል ላይ ከሆነ እጄ ላይ ምንም አይሰማኝም፣ ድምፁም አጭርና ወፍራም ነው። አንድ ጣት ያህል ወደ ጫፉ ከወጣ ግን እስከ ክርኔ ይነዝረኛል። በጥር ማለዳማ አይጣል ነው።

ካቪቲ ባክ ላይም ያንኑ ጥፋት አጠፋለሁ። ልዩነቱ ዱላው ሸፋፍኖ ያሳልፈኛል። ኳሷ ትንሽ አጠር ብላ ታርፋለች፣ እኔም ደህና መታሁ ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ብሌድ ይሉኝታ የለውም። ፍየል እየጠበቁ ኳስ የሚለቅሙልኝ ልጆች አሉ፣ ስመታ ከኋላዬ ነው የሚቆሙት። አንደኛው ፊቱን ወደ ፍየሎቹ አዙሮ፣ ኳሷን ሳያያት፣ ከድምፁ ብቻ «አቦ ጋሼ፣ ይቺስ አልሆነችም!» ይለኛል። ተሳስቶ አያውቅም።

ታዲያ ይሄ ወሬ የሚጠቅመው ቶሎ ቶሎ ለሚለማመድ ሰው ነው። በዓመት ሁለቴ ሜዳ የሚወጣ ሰው በየምቱ እጁ እየነዘረው ምን ያደርግለታል? ለሱ ካቪቲ ባክ ይሻለዋል፣ ከልቤ ነው የምለው።

አሁን ወደ ሎፍት እንምጣ። ሎፍት የዱላው ፊት ወደ ላይ የተጋደለበት ማዕዘን ነው፣ ኳሷ ምን ያህል እንደምትነሳና እንደምትርቅ የሚወስነው እሱ ነው። የእኔ ሰባት ቁጥር ሎፍቷ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዛሬ ለመለስተኛ ተጫዋች የሚሸጡት ሰባት ቁጥሮች ደግሞ 28፣ 29፣ 30 ናቸው። የነሱ ሰባት ለእኔ አምስት ወይም ስድስት ማለት ናት። አዲስ አበባ አብሮኝ የሚጫወት ወዳጄ በሰባት ቁጥሩ ሲያልፈኝ «ያንተ ዱላ አርጅቷል» ይለኛል። ሎፍቱን ስነግረው ነገሩን በሳቅ ያልፈዋል። ሰው ዱላው ላይ በተጻፈ ቁጥር ለምን እንደሚኩራራ አይገባኝም። ኳሷ እንደሆነ ቁጥሩን አታነብም።

ይሄ ነገር የሚቆጠቁጠው ሁለት ዓይነት አይረን አንድ ቦርሳ ውስጥ ስታቀላቅሉ ነው። የብሌዱን አምስት አውጥቼ የካቪቲውን አምስት ላስገባ ብል ሎፍቷ 24 አካባቢ ናት። ሎፍቷ 31 ዲግሪ ከሆነው ከብሌዱ ስድስት ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። መሃል ላይ ያለውን ርቀት የምመታበት ዱላ አይኖረኝም ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ በዲግሪ ነው የመረጥኩት። በአምስቷ ቦታ የካቪቲው ስድስት ገባች፣ በአራቷ ቦታ የካቪቲው አምስት። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ስድስት ቁጥሮች አሉ። ዱላ የሚሸከምልኝ ካዲው በየጊዜው «ጋሼ፣ የትኛዋን ስድስት ልስጥዎት?» እያለ ይስቅብኛል። ሕጉ የሚከለክለው ከ14 ዱላ በላይ መያዝን ነው፣ ሁለት ስድስትን አይደለም።

ረጃጅሞቹን ብሌዶች፣ አራትና አምስት ቁጥሮቹን፣ ለምን አወጣኋቸው? ሎፍታቸው ትንሽ ነው፣ የክብደታቸው ማዕከልም ከካቪቲው ከፍ ይላል። ኳሷን ለማስነሳት ፍጥነት ይፈልጋሉ። የእኔ ክንድ ያን ያህል ፍጥነት የለውም። አራት ቁጥሯን ጥሩ አድርጌ ስመታት እንኳ ኳሷ ዝቅ ብላ ትሄድና ግሪኑ ላይ፣ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሳር ላይ፣ አርፋ መቆም አትችልም፣ ተንከባልላ ትወጣለች። ይሄ የሚዙኖ ጥፋት አይደለም፣ የረጅም ብሌድ ተፈጥሮ ነው። ዝነኛው አሜሪካዊ ጎልፈኛ ቤን ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1950 ሜሪየን ሜዳ ላይ፣ በዩኤስ ኦፕን የመጨረሻው ጉድጓድ፣ ከአይረኖች ሁሉ በምትረዝመው በአንድ ቁጥር ነበር የመታው። ያውም ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ከሞት በተረፈ በዓመት ከምናምን። ሆጋን ሆጋን ነው። እኔ ሁለት ስድስቴን ይዤ እሄዳለሁ።

ስለ አየሩም ትንሽ ልበል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ትጠጋለች። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቃ ትሄዳለች። የድሬ ሙቀትም አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱን በመጠኑ ያጠበዋል። ቢሆንም ሰባት ቁጥሬ እዚህ ከምትሄደው አዲስ አበባ ስድስት ሰባት ሜትር ትጨምራለች። ስስ አየር ሌላም ውለታ አለው፤ የምትጠመዘዝ ኳስ እዚያ ብዙ አትታጠፍም። ድሬ ላይ ወደ ቀኝ የምትሸሽብኝ ኳስ አዲስ አበባ ላይ ሜዳው ውስጥ ትቀራለች። አዲስ አበባ ሞክራችሁ «ብሌድ ቀላል ነው» ብትሉ አልፈርድም፣ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይም ሞክሩት።

ጥንካሬው እንዴት ነው? ብረቱ ለስላሳ ነው ብያለሁ፣ ለስላሳ ደግሞ ይጎዳል። የእኛ አሸዋ ውስጥ ጠጠር አይጠፋም። ሶሉ ላይ ክሮሙ ተጫጭሯል፣ ዘጠኝ ቁጥሯ ጠርዟ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስርጉድ አለች። ለምቱ ምንም አላመጣም፣ ለዓይን ግን ያስከፋል። ጠጠር የበዛበት ቦታ ላይ አሮጌ ምንጣፍ አነጥፋለሁ። ምንጣፍ ላይ ግን ብዙ አትቆዩ። ከኳሷ ኋላ ብትመቱም ዱላው ተንሸራትቶ ኳሷን ያገኛታል፣ ጥፋታችሁን ይደብቅባችኋል። ብሌድ ገዝቶ ምንጣፍ ላይ መክረም ገንዘብ ማባከን ነው።

ለስላሳነቱ ጥቅምም አለው፤ ማዕዘኑን በትንሹ አጣሞ ማስተካከል ይቻላል። ማስተካከል እንደሚያስፈልገው ለማወቅ በማርከር ኳሷ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩን ወደ ዱላው ፊት አዙራችሁ ምቱ። ፊቱ ላይ የታተመው መስመር ቀጥ ብሎ ከቆመ ዱላው ቁመናችሁን ይስማማል። ካዘነበለ አይስማማም። የእኔ ስምንት ቁጥር በትንሹ ያዘነብላል፣ እንዲሁ ተውኩት። ብየዳ ቤት ወስዶ በመዶሻ ማስቀጥቀጥ የሚባል ነገር እንዳታስቡ። ለዚህ የተሠራ መሣሪያና የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

ሙቀቱን የማይወደው ግሪፑ፣ የዱላው መያዣ፣ ነው። ስብስቡ ሲመጣ የነበረው ጎማ የድሬን ፀሐይ አልቻለም። ደረቀ፣ ከዚያም ያሟልጭ ጀመር። እኔው ቀየርኩት፤ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያና ቤንዚን ይበቃል፣ ከእሳት ራቅ ብሎ። ቀትር ላይ ዱላችሁን መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትተዉ። የዱላውን ራስ ከዘንጉ ጋር የያዘው ሙጫም ሙቀት ሲበዛበት ይዳከማል። ዘንጎቹ ብረት ናቸው፣ ይከብዳሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትከሻዬን አሞኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ያገለገለ ብሌድ የምትገዙ ከሆነ የዱላዎቹን ፊት ፎቶ በደንብ አስልካችሁ እዩ። መሃሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ደብዘዝ ያለች ቦታ ካለች የቀድሞው ባለቤት በደንብ ይመታ ነበር፣ ዱላውም ብዙ ሠርቷል ማለት ነው። ፊቱ ላይ ያሉት ቦዮች ጠርዛቸው ካለቀ ዌጇንና ዘጠኟን ተጠራጠሩ፣ ኳስ ማቆም ያቅታቸዋል። ውድድር የምታስቡም የቦዮቹን ሕግ አጣሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በትልልቅ ውድድሮች ጠብቋል። ከሁሉ በፊት ግን የየዱላውን ሎፍት በዲግሪ ጽፎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። «ከአራት እስከ ፒቺንግ ሙሉ ነው» የሚል መልስ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ዕቃውን የሚያመጣላችሁ ዘመድም እያንዳንዱን ራስ በካልሲ ጠቅልሎ ይዝጋው። የእኔው እርስ በርሱ እየተጋጨ ነው ድሬ የደረሰው፣ ስድስት ቁጥሯ ጀርባ ላይ ያለው ጭረት ያኔ የመጣ ነው።