የፒስተንና የሲሊንደር ክፍተት፦ በፊለር ጌጅ ወይስ በማይክሮሜትርና በቦር ጌጅ?

ሞተር ሲታደስ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረቱ በታወቀ ስስ ብረት) የሚለካ መካኒክ ፋሻዎቹን (ፒስተኑን የሚከቡትን ቀለበቶች) አውልቆ፣ ፒስተኑን ገልብጦ ከጌጁ ረጅም ስስ ልሙጥ ብረት ጋር ወደ ሲሊንደሩ ያስገባና ብረቱ ሲሳብ የሚሰማውን መያዝ በእጁ ይመዝናል። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚነግረን ብረቱ ያረፈበትን አንድ መስመር ብቻ ነው።

የውጭ ስፋትን በረቂቅ በሚለካው ማይክሮሜትር ግን የፒስተኑ ቀሚስ (የታችኛው ጎኑ) ከስፒኖቱ (ፒስተኑን ከቢየላው ከሚያያይዘው ፒን) ቀዳዳ በ90 ዲግሪ ማዕዘን፣ የአምራቹ መመሪያ ባመለከተው ከፍታ ላይ ይለካል፤ ከዚያም የውስጥ ስፋትን የሚለካው ቦር ጌጅ በዚያው ልክ ዜሮ ተደርጎ ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየደረጃው በሁለት አቅጣጫ ይፈተሻል። ፒስተኑ 85.96፣ ሲሊንደሩ 86.01 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክፍተቱ 0.05 ነው፤ ስድስቱ ልኬቶች ካልተስማሙ ደግሞ ሲሊንደሩ መሞለሉ (ክብነቱን ማጣቱ) ወይም መሾጠጡ (ከላይና ከታች ስፋቱ መለያየቱ) ይታወቃል፣ ይህንንም ፊለር ጌጅ አያሳይም።

በእጅ ሲያዝ የሞቀ ፒስተን ግን ሁለቱንም ዘዴ ያሳስታል፤ ይህን ያህል ስፋት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋልና። ስለዚህ ፒስተኑና ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተር አካል) ከመለካታቸው በፊት አንድ ክፍል ውስጥ ቢያድሩ እመርጣለሁ። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ከሰፋ በኋላ የማምነው ማይክሮሜትሩን ነው፤ ፊለር ጌጁ ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ለመጨረሻ ማረጋገጫ ይበቃል።