ዶላር፦ በመንግሥት ተመን ወይስ በገበያ ዋጋ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። ክርክሩ ግን ዛሬም አልበረደም።

ዋጋ
በመንግሥት ተመን፦ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ በርካሽ ዶላር ይገባሉ።
በገበያ ዋጋ፦ ልዩነቱን ወይ መንግሥት ይደጉማል ወይ ሸማቹ ይከፍላል። ደመወዝተኛው ላይ ይብሳል።

ዶላር ማግኘት
በመንግሥት ተመን፦ ርካሽነቱ ወረቀት ላይ ነው። አስመጪው ፕሮፎርማውን (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) ይዞ ወራት ወረፋ ይጠብቃል፤ ሰው ያለው ቀድሞት ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ይከፍታል። የቀረው ጥቁር ገበያ ይሄዳል፤ ዕቃውንም የሚሸጥልን በዚያው በጥቁር ገበያ ሒሳብ ነው። እናማ ርካሹ ዶላር ለማን ነበር የረከሰው?
በገበያ ዋጋ፦ ብር ያለው ይገዛል። እጥረቱ ግን በአዋጅ አይጠፋም።

ላኪው
በድሮው አሠራር ቡናውን በኪሳራ ሸጦ፣ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ የሚያካክስ ነጋዴ ሞልቶ ነበር። በአዲሱ መመሪያ ላኪው የገቢውን ግማሽ በዶላር እንዲይዝ ተፈቀደለት።

ስጋት
የመንግሥት ተመን የውጭ ምንዛሪ ክምችት ያሟጥጣል፤ የገበያ ዋጋ ኑሮ ያስወድዳል፣ የውጭ ዕዳን በብር ሲሰላ ያሳብጣል።

ክምችቱ በቂ ለሆነና የውጭ ንግዱ ለተረጋጋ አገር የመንግሥት ተመን ያዋጣል። ካዝናው ለሳሳና የጥቁር ገበያው ዋጋ የመንግሥት ተመን እጥፍ ለደረሰበት ግን ገበያው ይሻላል፤ ያውም ለድሃው የሚደርስ ድጎማ ከጎኑ ካለ።